በጅቡቲ አየር ውስጥ ያለው ውሃና አዲሱ ባለቀዳዳ ዱቄት

ከባሕር ማዶ የሚመጣው የዩሪያ ማዳበሪያ በጅቡቲ ወደብ ከመርከብ ሲራገፍ፥ በኃምሳ ኃምሳ ኪሎ ከረጢት እየተሞላ ወደ ኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ጕዞውን ይቀጥላል። በወደቡ የሚሠሩ ሁሉ እንደሚያውቁት፥ ይህ ነጭ ፍሬ በክፍት ሥፍራ ብዙ ቢቆይ ይረጥባል፤ ረጥቦም እንደገና ሲደርቅ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ዝናም አልዘነበበትም፤ የባሕርም ሞገድ አልደረሰበትም። ያረጠበው አየሩ ራሱ ነው። ዩሪያ በ30 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ የአየሩ እርጥበት ከ73 ከመቶ ገደማ ሲያልፍ ውሃን ወደ ራሱ መሳብ የሚጀምር ነውና።

እንግዲህ በጅቡቲ አየር ውስጥ ውሃ መኖሩን ለማወቅ ታላቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ የማዳበሪያው ከረጢት ይመሰክራል። ከተማይቱ በዓመት የምታገኘው ዝናም በአማካይ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ዓመቱን በሙሉ የሚፈስ ወንዝም የላትም። ነገር ግን 30 ዲግሪ ሙቀትና 70 ከመቶ እርጥበት ያለው አየር በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ 21 ግራም ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይዞ ይገኛል። ይህም ማለት አንድ የ20 ሊትር ጀሪካን የሚሞላ ውሃ፥ አንዲት ጠብታ ሳትቀር ቢያዝ፥ ከ1,000 ሜትር ኩብ በማይበልጥ አየር ውስጥ አለ ማለት ነው። በወደቡ አጠገብ የሚኖር ሰው በላብ ተጠምቆ፥ ልብሱ በሰውነቱ ላይ ተጣብቆ፥ ጉሮሮው ግን በጥም ይደርቃል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው የአበው ተረት ከዚህ ሥፍራ ይልቅ የሚስማማው አገር ቢፈለግ በቀላሉ አይገኝም።

በቅርብ ጊዜ የዓለም ሊቃውንት ይህን በአየር ውስጥ ተሰውሮ የሚኖር ውሃ ይዞ የሚያስቀር አንድ ዐይነት ዱቄት ስለ መሥራታቸው ብዙ ተነግሯል። ነገሩ ለቆላው አርብቶ አደርና ለገበሬው ምን ያህል እንደሚጠቅም፥ ምን ያህልስ እንደማይጠቅም አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ከወደብ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በሚዛን እንደሚመዘን፥ ከወደብ የሚገባ ወሬም መመዘን አለበት።

መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም. የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ የዓመቱን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ለሦስት ሊቃውንት መስጠቱን አስታወቀ። (ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ተሸላሚዎቹም በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ሱሱሙ ኪታጋዋ፥ በአውስትራሊያ የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ሮብሰን፥ በአሜሪካም በርክሊ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ኦማር ያጊ ናቸው። ሽልማቱ የተሰጠበት ሥራ ሜታል ኦርጋኒክ ፍሬምወርክ ይባላል፤ በአጭሩም ሞፍ ይሉታል።

የሥራው ፍሬ ነገር ቤት ሲሠራ ላየ ሰው የተሰወረ አይደለም። የአገር ቤት ግድግዳ ሲቆም፥ ምሰሶው ተተክሎ ማገሩ በላዩ ይታሰራል፤ ጭቃው እስኪመረግ ድረስ በማገርና በማገር መካከል ባዶ ሥፍራ ይኖራል። በሞፍም የብረት አቶሞች እንደ ማሰሪያ ቋጠሮ ይሆናሉ፤ ከካርቦን የተሠሩ ረጃጅም ሞለኪውሎች ደግሞ እንደ ማገር ሆነው አንዱን ቋጠሮ ከሌላው ጋር ያያይዛሉ። ልዩነቱ ይህ ቤት ጭቃ የማይመረግበት መሆኑ ነው፤ ጥቅሙ ያለው በባዶው ሥፍራ ውስጥ ነውና። ቀዳዳዎቹ በዐይን ሊታዩ ቀርቶ በተራ ማጕሊያ መነጽርም አይታዩም። ነገር ግን ከብዛታቸው የተነሣ ሞፍ 5 ከተባለው ዐይነት ጥቂት ግራም ብቻ ተወስዶ የውስጥ ገጹ ሁሉ ቢዘረጋ የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ይሰፋል። በዚህ ሰፊ ገጽ ላይ ጋዝ ወይም የውሃ እንፋሎት ይለጠፋል፤ ሲሞቅም ይላቀቃል።

ሥራው በአንድ ቀን የተፈጸመ አይደለም። ሮብሰን በ1974 ለተማሪዎች ማስተማሪያ የእንጨት ኳሶችን በዘንግ የሚያያይዝ ምስል ሲያዘጋጁ ሐሳቡ መጣላቸው፤ በ1989 ከመዳብ የተሠራውን የመጀመሪያ መዋቅር ለሊቃውንት አሳወቁ። መዋቅሩ ግን በቀላሉ የሚፈርስ ነበር። ኪታጋዋ በ1997 ጋዝ ገብቶ ሲወጣ የማይፈርስ መዋቅር ሠርተው አሳዩ። ያጊ ደግሞ በ1999 እስከ 300 ዲግሪ ሙቀት የሚችለውን ሞፍ 5ን ለዓለም አቀረቡ። ከመጀመሪያው ሐሳብ እስከ ሽልማቱ ከኃምሳ ዓመት በላይ አልፏል። ኦማር ያጊ በ1965 በአማን ከፍልስጥኤም ስደተኞች ቤተ ሰብ የተወለዱ ሲሆኑ፥ በልጅነታቸው ብዙ ሆነው ከከብቶች ጋር በአንድ ክፍል ይኖሩ እንደ ነበርና የቧንቧ ውሃም ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይመጣላቸው እንደ ነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ውሃን ከአየር የመያዙን ጥናት አጥብቀው የያዙት ሰው የውሃን ጕድለት በቤታቸው ያዩ መሆናቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ውሃው የሚያዝበት ሥርዐት እንዲህ ነው። ዱቄቱ በስስ ተነጥፎ በሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝና እርጥበቱ ሲጨምር የሣጥኑ ክዳን ይከፈታል፤ ዱቄቱም እንፋሎቱን ይጠጣል። ሲነጋ ክዳኑ ይዘጋል፤ ፀሐይ ሣጥኑን ስታሞቅ ዱቄቱ የጠጣውን ይተፋዋል፤ የወጣውም እንፋሎት ቀዝቀዝ ባለው የሣጥኑ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ወደ ማጠራቀሚያው ይንጠባጠባል። ነገሩ የእንጀራ ምጣድ አክንባሎ ሲነሣ ከውስጡ ከሚወርደው ጠብታ ጋር አንድ ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ ይመጣል። በ2017 የያጊ ባልደረቦችና የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሊቃውንት፥ ከዚርኮኒየም የተሠራው ሞፍ 801 እርጥበቱ 20 ከመቶ ብቻ በሆነ አየር ውስጥ እንኳ በአንድ ኪሎ ዱቄት በቀን 2.8 ሊትር ውሃ ሊሰጥ እንደሚችል ጻፉ። ወሬውም በዓለም ሁሉ ተሰማ። በሚከተለው ዓመት ግን ሣጥኑ በአሪዞና በረሓ ሲሞከር በአንድ ቀንና ሌሊት ከአንድ ኪሎ የተገኘው 100 ግራም ገደማ ነበር። በ2019 ከአልሙኒየም የተሠራው ሞፍ 303 በፀሐይ ኤሌክትሪክ እየታገዘ በሞሃቪ በረሓ በቀን ብዙ ጊዜ እንዲጠጣና እንዲተፋ ተደርጎ በአንድ ኪሎ 0.7 ሊትር ሰጠ። እንግዲህ በተስፋውና በበረሓው መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው። ሊቃውንቱ ይህን ሳይሸሽጉ መጻፋቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ ጥፋቱ የመጀመሪያውን ቍጥር ብቻ ይዞ የሚሮጠው ወሬኛ ነው።

ገበሬው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው «ማሳ ያጠጣልን?» ብሎ ነው። መልሱ አያጠጣም ነው። በሞቃት ቆላ አንድ ሄክታር የሽንኩርት ማሳ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ቢፈልግ፥ ይህ 50,000 ሊትር ነው። በሞሃቪ በተገኘው መጠን ቢሰላ ለአንድ ሄክታር ብቻ ከ70,000 ኪሎ በላይ ዱቄት ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርግ ሞኝ ብቻ ነው። የመስኖ ውሃ ከአዋሽ፥ ከጕድጓድ፥ ከጐርፍ ማቆሪያ እንጂ ከዚህ ዱቄት አይጠበቅም። ይህን ሳይናገሩ «በረሓው ሊለመልም ነው» ብሎ መስበክ ሕዝብን ማታለል ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ለጅቡቲ ከተማ ይጠቅማልን? የሚል ነው። ለዚህም መልሱ በብዙው አይደለም ነው። ከተማይቱ ሌላ መንገድ አግኝታለች። በ2017 ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከሐደጋላ አካባቢ ከጕድጓድ የሚሳበው ውሃ በቧንቧ ድንበር ተሻግሮ ወደ አሊ ሳቢህ፥ ወደ ዲኪል፥ ወደ አርታና ወደ ጅቡቲ ከተማ እንዲደርስ ተደርጓል፤ የታቀደውም በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ ነው። በ2021 ደግሞ በዶራሌ በአውሮፓ ኅብረት ርዳታ የተሠራው የባሕር ውሃ ማጣሪያ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ እንዲሰጥ ሆኖ ተመርቋል። የባሕርን ውሃ ከጨው ለመለየት ለአንድ ሜትር ኩብ 3 ወይም 4 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይበቃል። ከዱቄት ውስጥ ያን ያህል ውሃ በሙቀት ለማስወጣት ግን፥ ሙቀቱ ተመልሶ ለሥራ ካልዋለ በቀር፥ ከ600 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። ባሕር በደጁ ላለው፥ ቧንቧም ለደረሰለት ከተማ ዱቄቱ ውድ ጌጥ ይሆናል።

ታዲያ የማን ነው? ቧንቧው ያላለፈበት፥ ባሕሩም የራቀው ሰው ነው። ከወደቡ ወደ ጋላፊ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ትቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚገባ ሰው የአፋርና የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮችን ያገኛል። በዚያ ሴቶችና ልጆች የቀኑን ክፍል ውሃ ፍለጋ ይጨርሱታል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናም በተከታታይ በቀረበት ጊዜ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልልና በቦረና ብዙ ከብት አልቋል፤ ለሰውም ውሃ በቦቴ መኪና ማመላለስ ግድ ሆኗል። ውሃ በመኪና የሚመጣለት ሰው የውሃውን ብቻ ሳይሆን የነዳጁንና የጎማውንም ዋጋ ይጠጣል። ለእንዲህ ያለው ቤተ ሰብ በቀን አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ በደጁ ቢገኝ ታላቅ ነገር ነው። በ0.7 ሊትር ስሌት 20 ሊትር ለማግኘት 29 ኪሎ ገደማ ዱቄት ይበቃል፤ በ100 ግራም ስሌት ግን 200 ኪሎ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በአንድ ግመል ይጫናል፤ ሁለተኛው ቋሚ ቤት ይፈልጋል። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው በዚያ አገር እውነት እንደሚሆን በአሪዞና ሆኖ መወሰን አይቻልም። ግመሏ ራሷ ግን ከዚህ ተስፋ ብታደርግ አይበጃትም፤ አንድ ጊዜ ስትጠጣ ከ100 ሊትር በላይ ትጨርሳለችና። ለሰው፥ ለታመመ ጥጃና ለጥቂት ፍየል ካልሆነ በቀር ለመንጋ የሚሆን አይደለም።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ። በጅቡቲ ጠረፍ አየሩ እጅግ እርጥብ ስለ ሆነ ውሃን ለመሳብ ሲሊካ ጄል ወይም ካልሲየም ክሎራይድ የተባለው ጨው እንኳ ይችላል፤ እነዚህም ርካሽ ናቸው። የሞፍ ብልጫ የሚታየው አየሩ ደረቅ በሆነበት፥ እርጥበቱም ከ30 ከመቶ በታች በወረደበት አገር ነው። ስለዚህ አዲሱ ዱቄት በጠረፉ ከርካሹ ጨው ጋር፥ በመሐል በረሓው ደግሞ ከቦቴው መኪና ጋር ጎን ለጎን ሊመዘን ይገባዋል። የባሕሩ ጨዋማ ነፋስና በበጋ የሚነፍሰው የኀምሲን አቧራ ቀዳዳዎቹን ይደፍን እንደሆነም መታየት አለበት። የሚወጣውም ውሃ ከዱቄቱ የተላቀቀ ብረት ወይም ሌላ ነገር እንዳይኖርበት ሰው ሳይጠጣው መመርመር ይኖርበታል።

ይህን ምርመራ ማን ያድርገው? የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው። የምድር ባቡር ሥራ በጅቡቲ ከተጀመረበት ከ1897 ጀምሮ፥ ሐዲዱ ድሬዳዋ ከደረሰበት ከ1902፥ አዲስ አበባም ከገባበት ከ1917 ጀምሮ፥ በዚህ በር ያልገባ የጥበብ ዕቃ የለም። ማረሻውም፥ ሞተሩም፥ ማዳበሪያውም፥ የተባይ መድኀኒቱም በዚሁ አልፏል። ብዙው ግን የመጣው ተሠርቶ፥ ተመዝኖ፥ ዋጋው በሌላው ተቈርጦለት ነው። የአገሩ ሰው ድርሻ ከረጢቱን መሸከምና ሒሳቡን መክፈል ነበር። አዲሱ ዱቄትም ነገ በሣጥን ታሽጎ በዶራሌ ሲራገፍ፥ በዚህ አየር ውስጥ ስንት እንደሚሰጥ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ከሆነ ገዢው በጨለማ ይገዛል።

ይህ እንዳይሆን የሚከለክል ድኽነት የለም። አልሙኒየም ፉማሬት የተባለው የሞፍ ዐይነት አልሙኒየም ሰልፌትን፥ ፉማሪክ አሲድንና ኮስቲክ ሶዳን በሞቀ ውሃ ውስጥ በማዋሐድ የሚገኝ ነጭ ዱቄት ነው፤ በጀርመን ባስፍ የተባለው ኩባንያ በብዛት ለመሥራት ያጠናው መንገድ ይህ ነው። ከእነዚህም አንዱ የሆነው አልሙኒየም ሰልፌት፥ የከተሞችን ውሃ ለማጥራት የሚያገለግለው፥ በኢትዮጵያ በአዋሽ መልካሳ በተቋቋመው ፋብሪካ ሲመረት የኖረ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ይህን ዱቄት በኪሎ ለመሥራት የሚያስፈልገው ማሞቂያ፥ ማጣሪያ፥ ሚዛንና ትዕግሥት ነው። በሰመራ ዩኒቨርሲቲ በደረቁ አየር፥ በጅቡቲ የጥናትና ምርምር ማእከል ደግሞ በእርጥቡ አየር አንድ ዐይነት ሣጥን ቢተከልና የሁለቱ መዝገብ ለአንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ቢያዝ፥ ከአንድ ኪሎ ስንት ሊትር፥ በስንት ብር ወይም ፍራንክ፥ ለስንት ጊዜ እንደሚገኝ ይታወቃል። ይህ መዝገብ ከብዙ ጉባኤ ይበልጣል።

እንዲህ ያለ ሥራ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ከሞፍ በፊት ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው ባለቀዳዳ ድንጋይ አለ፤ ዜኦላይት ይባላል። ስሙን የሰጠው ስዊድናዊው ክሮንስቴት በ1756 ስቲልባይት የተባለውን ድንጋይ ሲያሞቅ እንፋሎት እያወጣ ሲፈላ ስላየው «የሚፈላ ድንጋይ» ብሎት ነው። ይኸው ስቲልባይት በኢትዮጵያም ይገኛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከስፔን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፥ በዚህ ድንጋይ ላይ ሃይድሮክሲአፓታይት የተባለውን የአጥንት ማዕድን በማብቀል ፍሎራይድን ከመጠጥ ውሃ የሚያስቀርበትን መንገድ አጥንተው ጥናታቸውን በ2013 አውጥተዋል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጕድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እጅግ የበዛ ፍሎራይድ እንዳለባቸው፥ የልጆችንም ጥርስ እንደሚያበላሽ፥ የዐዋቂዎችንም አጥንት እንደሚያጐብጥ የታወቀ ነው። የአገሩ በሽታ፥ የአገሩ ድንጋይና የአገሩ ተመራማሪ በአንድ የተገናኙበት ይህ ሥራ ለሞፍም ምሳሌ ሊሆን ይገባል።

ለአትክልት ነጋዴም ከዚህ ጥበብ ድርሻ አለው። ከድሬዳዋና ከሐረርጌ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ፍራፍሬና አትክልት በመንገዱ ሙቀት ብዙ ጊዜ ይበላሻል። ፍሬ እየበሰለ ሲሄድ ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ጋዝ በአጠገቡ ያለውን ፍሬ ያበስለዋል። በ2016 በሰሜን አየርላንድ የቤልፋስት አንድ ድርጅት ከፍራፍሬ ጥበቃ ኩባንያ ጋር ሆኖ፥ የኤቲሊንን ሥራ የሚያግድ ጋዝ በሞፍ ውስጥ ተከማችቶ ቀስ በቀስ የሚለቀቅበትን ዕቃ ለገበያ አቅርቧል። ይህም ሞፍ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ገበያ ከደረሰባቸው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ ጥበቡ ቀድሞ የሚጠቅመው ጥቂቱ ዱቄት ብዙ ዋጋ ያለውን ነገር በሚያድንበት ሥፍራ መሆኑ ነው። በውሃም ነገር እንዲሁ ነው፤ ጥቂቷ ውሃ ሕይወት በምታድንበት ሥፍራ እንጂ ብዙ ውሃ በሚፈስስበት ማሳ አይደለም።

አንዳንድ ሰው ግን «ጕድጓድ ያልተቈፈረላቸው ብዙ መንደሮች ሳሉ ስለ ኖቤል ዱቄት መናገር ቅንጦት ነው» ይል ይሆናል። ነገሩ ከፊል እውነት አለበት። ጕድጓድ ሊቈፈር በሚቻልበት፥ ውሃውም ጣፋጭ በሆነበት ሥፍራ ሁሉ ገንዘቡ ለጕድጓድ ይዋል። ነገር ግን በአፋር ዝቅተኛ ምድርና በአሳል ሐይቅ ዙሪያ መሬቱ ቢቈፈር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ጨዋማ ወይም የሚፋጅ ውሃ ነው። በዚያ አገር ሰው ያለው ምርጫ ሩቅ መሄድ፥ መኪና መጠበቅ ወይም አገሩን ለቆ ወደ ወደቡ ዳርቻ መሰደድ ነው። ለእነዚህ ሰዎች አዲሱን መንገድ መሞከር ቅንጦት አይባልም፤ ሳይሞክሩ መግዛት ግን ቅንጦት ነው፤ ሳይመዝኑ ማመንም እንዲሁ።

እንግዲህ በጅቡቲ ወደብ የማዳበሪያውን ከረጢት የሚያረጥበው አየር ዛሬም ያው ነው፤ ውሃውን እንደ ያዘ በሰው ራስ ላይ ያልፋል። ከዚህ አየር ጥቂቱን ማስቀረት የሚቻል መሆኑን ዓለም አሳይቷል። በየትኛው ሥፍራ፥ በስንት ዋጋ፥ ለማን የሚለው ግን የዚሁ አገር ሥራ ነው። ሁለቱ መንግሥታት ውሃን በአንድ ቧንቧ፥ ጭነትን በአንድ ሐዲድ የሚካፈሉ እንደ መሆናቸው መጠን፥ አንድ የመለኪያ መዝገብም ሊካፈሉ ይገባል። በሰመራና በጅቡቲ ሁለቱ ሣጥኖች ቆመው የዓመቱ መዝገብ ሲዘጋ፥ የአርብቶ አደሩ እናት ከሣጥኑ የምትቀዳው ውሃ ጀሪካኑን ይሞላ እንደሆነ ወይም የጀሪካኑን ሥር ብቻ ያረጥብ እንደሆነ ያን ጊዜ በእርግጥ ይነገራታል።